የተጨመቀ አየርን ስለ ማቀዝቀዝ
በደንገጎ ዳገት የተፈተነ የፊዚክስ ትምህርት

ድሬዳዋን የወለዳት ዳገት ነው ቢባል ሐሰት አይሆንም። ከጅቡቲ የተነሣው የምድር ባቡር ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. ወደዚህ በደረሰ ጊዜ፥ ወደ ሐረር የሚያወጣው ተራራ እጅግ አስቸጋሪ ስለ ነበረ፥ ሐዲዱ ሐረርን ትቶ በተራራው ግርጌ እንዲያልፍ ተደረገ፤ ከተማችንም በደቻቱ ወንዝ ግራና ቀኝ ተቈረቈረች። ከዚያም ሐዲዱ ወደ ምዕራብ ቀጥሎ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ። እነሆ ከመቶ ዓመት በላይ ካለፈ በኋላም ያው ባቡሩን ያስመለሰው ዳገት የጭነት መኪናዎችን ይፈትናል።

የዳገትና የሙቀት ነገር ለከተማችን ሰዎች አዲስ አይደለም። የእንፋሎት ባቡር ብዙ ውኃ ይጠጣል፤ በረሃው ግን ውኃ የለውም። በ1940ዎቹ ዓ.ም. የናፍጣ ሎኮሞቲቮች በእንፋሎቱ ፈንታ መግባት ጀመሩ። በ2009 ዓ.ም. ደግሞ የኤሌክትሪኩ ባቡር ተመረቀ። በዚህ ሁሉ ዘመን የምድር ባቡሩ ወርክሾፕ ብዙ የቶርኖ፥ የብየዳና የሞተር ባለሙያዎችን ለከተማዪቱ አፍርቷል። ዛሬ በድሬዳዋ ጋራዦች የምናየው የእጅ ጥበብ ከዚያ ቤት የተቀዳ ብዙ አለበት።

ውድ አንባብያን፥ በዚህ ጽሑፍ ልገልጽላችሁ የፈለግሁት ስለ አንድ የሞተር ክፍል ነው። መካኒኮች «ኢንተርኩለር» ይሉታል። ወደ ሞተሩ ከመግባቱ በፊት የተጨመቀውን አየር የሚያቀዝቅዝ ዕቃ ነው። በውጭ አገር ለእሽቅድምድም የተሠሩ መኪናዎች ባለቤቶች ይህን ዕቃ በቤታቸው ጓሮ እያሻሻሉ ይሠሩታል። እኔ ግን የተማርሁት በእሽቅድምድም ሜዳ ሳይሆን፥ አጎቴ ሲሚንቶ ጭነው ወደ ሐረር በሚወጡበት፥ ድንችና ሽንኩርት ጭነው ወደ ቀፊራ ገበያ በሚወርዱበት የጭነት መኪና ላይ ነው።

ነገሩ ለእኛ የጨዋታ ነገር አልነበረም። መኪናዋ ቱርቦ የተገጠመላት፥ ግን ማቀዝቀዣ የሌላት አሮጌ መኪና ነበረች። የሞተሯ ይዘት 5 ሊትር ገደማ ነው። በግንቦትና በሰኔ ሙቀት ጭነት ይዛ ስትወጣ ጥቁር ጭስ ታወጣለች፤ የውኃው ሙቀት ይወጣል፤ መንገድ ዳር ቆሞ ማስተንፈስ ግድ ይሆናል። በአንድ ዓመት ውስጥ የቴስታታው ጓርኒሲዮን ሁለት ጊዜ ተቃጠለ። በዚያች መኪና ገቢ የሚተዳደረው ሁለት ቤተ ሰብ ስለ ሆነ፥ መኪናዋ በቆመች ቁጥር የቤቱም ወጪ አብሮ ይቆም ነበር። አጎቴ ሦስት መንገድ ነበራቸው፤ ጭነት መቀነስ፥ ሌሊት ብቻ መውጣት፥ ወይም ሞተሩን ከሙቀት ማሳረፍ። የመረጡት ሦስተኛውን ነው። እኔም በእረፍት ጊዜዬ ከመካኒኩ ጋር ሆኜ ሥራውን እየረዳሁ በደብተሬ ስለ መዘገብሁ፥ ለትምህርት ቤታችን ጓደኞች እንዲጠቅም እንደሚከተለው ጽፌዋለሁ።

1ኛ፤ ሞተር ምን ይበላል?

ብዙ ሰው ሞተር ናፍጣ ወይም ቤንዚን ይበላል ይላል። እውነት ነው፤ ነገር ግን ከናፍጣው ይልቅ እጅግ የሚበዛው ምግቡ አየር ነው። አንድ ኪሎ ናፍጣ ተቃጥሎ እንዲያልቅ ቢያንስ 14 ኪሎ ተኩል ያህል አየር ያስፈልገዋል። አንድ ሊትር ናፍጣ 840 ግራም ገደማ ስለሚመዝን፥ ለአንድ ሊትር ናፍጣ ከ12 ኪሎ ያላነሰ አየር ያስፈልጋል ማለት ነው። በድሬዳዋ የቀን ሙቀት አንድ ኪዩብ ሜትር አየር አንድ ኪሎ ያህል ይመዝናል። እንግዲህ አንድ ሊትር ናፍጣ ለማቃጠል ወርዷ 2፥ ርዝመቷ 2፥ ከፍታዋም 3 ሜትር የሆነች ክፍል የምትይዘው አየር በሙሉ ያስፈልጋል። አየሩ ካነሰ ናፍጣው በሚገባ ሳይቃጠል ጥቁር ጭስ ሆኖ ይወጣል። በዳገት ላይ የምናየው ጥቁር ጭስ ሥራ ሳይሠራ ያመለጠ ገንዘብ ነው።

የአየር ክብደት በሁለት ነገር ይለወጣል፤ በከፍታና በሙቀት። ጅቡቲ ባሕር ዳር ናት፤ ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ፥ ሐረር ደግሞ 1,900 ሜትር ገደማ ከፍ ይላሉ። የጅቡቲን የአየር ግፊት 100 እጅ ብንለው፥ የድሬዳዋ 87፥ የሐረር 80፥ የአዲስ አበባ 75 እጅ ገደማ ይሆናል። ስለዚህ ከጅቡቲ ወደ ላይ የሚወጣ መኪና በየኪሎ ሜትሩ ትንፋሽ ያጥረዋል።

ሙቀትም እንዲሁ ነው። ፈረንሳዊው ሊቅ ጌ ሉሳክ እ.ኤ.አ. በ1802 ባሳተመው ጥናት እንደ ተገለጸው፥ ግፊቱ ሳይለወጥ አየር ቢሞቅ ይሰፋል፤ ቢቀዘቅዝ ይጨበጣል። ሒሳቡን ለመሥራት የሙቀቱ ዲግሪ ላይ 273 እንደምራለን፤ ይህም ፍጹም ሙቀት ይባላል። በ35 ዲግሪ ያለ አየር ፍጹም ሙቀቱ 308 ነው። በ22 ዲግሪ ያለው ግን 295 ነው። 308ን ለ295 ብናካፍል 1.04 ይወጣል። ይኸውም የሌሊቱ አየር ከቀኑ አየር ይልቅ በመቶ 4 ያህል ይከብዳል ማለት ነው። የቀድሞ ሾፌሮች «ዳገት በሌሊት ይቀላል» የሚሉት እንግዲህ በሒሳብም የተደገፈ ነገር ነው።

2ኛ፤ አየርን መጭመቅና የሚያመጣው ጣጣ

ሞተሩ የሚስበው አየር ካነሰው በግድ ማጉረስ ይቻላል። ሩትስ የሚባሉ ሁለት አሜሪካውያን ወንድማማቾች እ.ኤ.አ. በ1860 አየር የሚነፋ መሣሪያ የፈጠራ መብት አገኙ፤ ይህ መሣሪያ በኋላ ጊዜ በቺንጋ ወይም በጥርስ ከሞተሩ ጋር እየተያያዘ አየር ማጉረሻ ሆነ። የስዊስ መሐንዲስ አልፍሬድ ቢዩኪ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1905 በማርሚታ በኩል በከንቱ የሚወጣው ጭስ ራሱ መዘውር አዙሮ አየር እንዲጨምቅ የሚያደርገውን ሐሳብ አስመዘገበ። ይህ ዛሬ ቱርቦ የምንለው ነው። የመጀመሪያው ዓይነት ጉልበቱን ከሞተሩ ይወስዳል፤ ሁለተኛው ከሚጣለው ጭስ ይወስዳል።

ሁለቱም ግን አንድ ጣጣ አላቸው፤ አየር ሲጨመቅ ይሞቃል። የብስክሌት ጎማ በፖምፓ የነፋ ልጅ ሁሉ ይህን ያውቀዋል። ጥቂት ጊዜ ከገፋን በኋላ የፖምፓውን ጫፍ ብንነካው ያቃጥላል። ያ ሙቀት ከመፋተግ ብቻ የመጣ አይደለም፤ ክንዳችን አየሩን ሲጨምቅ ያወጣው ሥራ ወደ ሙቀት ተለውጦ ነው።

እስቲ በሒሳብ እንየው። የውጭው አየር 35 ዲግሪ ነው እንበል። ቱርቦው ግፊቱን እጥፍ አደረገው። ምንም ጉድለት የሌለበት ቱርቦ ቢኖር አየሩ 102 ዲግሪ ይደርስ ነበር። በእውነተኛው ዓለም ግን ሥራውን በመቶ 70 ያህል የሚያከናውን ቱርቦ ጥሩ የሚባል ነው። በዚህ ዓይነት አየሩ 131 ዲግሪ ገደማ ይሞቃል፤ ይህም ውኃ ከሚፈላበት በላይ ነው።

አሁን ጉዳቱን እንመልከት። ግፊቱ እጥፍ ሲሆን አየሩም እጥፍ ይሆናል ብለን ተስፋ አድርገን ነበር። ነገር ግን ፍጹም ሙቀቱ ከ308 ወደ 404 ስለ ወጣ፥ ሁለትን በ308 አባዝተን ለ404 ስናካፍል የምናገኘው 1.52 ብቻ ነው። ከሁለት እጅ የቀረው በሙቀቱ ምክንያት ጠፋ። በተጨማሪም ሞቆ የገባ አየር ሞቆ ይወጣል፤ ፒስተኑና የቴስታታው ጓርኒሲዮን የሚጎዱት በዚህ ነው።

መፍትሔው ታዲያ አየሩ ከቱርቦው ወጥቶ ወደ ሞተሩ ከመግባቱ በፊት በማቀዝቀዣ ውስጥ ማሳለፍ ነው። ጥሩ ማቀዝቀዣ፥ አየሩ ከውጭው አየር በላይ የተሸከመውን ሙቀት ከመቶ 70 ያህሉን ያወርድለታል። በምሳሌያችን 131 የነበረው ወደ 64 ይወርዳል። አየሩ በጠባቡ ቱቦ ሲያልፍ ከግፊቱ በመቶ 5 ቢያጣ እንኳ፥ ወደ ሞተሩ የሚገባው 1.74 እጅ ይሆናል። ከ1.52 ወደ 1.74 ማለት በመቶ 14 ተጨማሪ አየር ነው፤ ቱርቦውን ሳንቀይርና ሞተሩን ሳናስጨንቅ የተገኘ ትርፍ ነው።

ይህ ጥበብ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በአውሮፕላኖች ላይ ታላቅ ሥራ ሠርቷል። በእንግሊዝ አገር የተሠራው ሜርሊን 61 የሚባለው ሞተር አየሩን በሁለት ደረጃ እየጨመቀ፥ በማቀዝቀዣም እያሳለፈ ወደ ሞተሩ ያስገባ ነበር። ስፒትፋየር የሚባለው አውሮፕላን እ.ኤ.አ. በ1942 በዚህ ሞተር ከፍ ባለ ሰማይ ላይ ለመዋጋት ችሏል። ዛሬ በመንገዳችን የሚመላለሱት ሲኖትራኮችም ቱርቦና ማቀዝቀዣ ይዘው ከፋብሪካ የወጡ ናቸው።

3ኛ፤ የእሽቅድምድም መኪናና የደንገጎ መኪና ልዩነት

ማቀዝቀዣ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ የተጨመቀውን አየር በውጭ አየር ያቀዝቅዘዋል። ሌላው በመካከል ውኃ ያስገባል፤ አየሩ ሙቀቱን ለውኃ ይሰጣል፤ ውኃው በትንሽ ፖምፓ ተገፍቶ ከመኪናው ፊት ባለ ራዲያተር ውስጥ ይቀዘቅዛል። ለእሽቅድምድም በሚውሉ፥ አየር ማጉረሻ በተገጠመላቸው ብዙ መኪናዎች ላይ የሚገኘው ይኸኛው ነው። በነዚህ መኪናዎች ላይ የሚያጋጥመው ችግር፥ ጥቂት ዙር ከሮጡ በኋላ ውኃው ራሱ ሙቀት እየጠጣ ማቀዝቀዝ ማቆሙ ነው። ስለዚህ ባለቤቶቹ ትልቅ ራዲያተር፥ ትልቅ የውኃ ገንዳና ብርቱ ፖምፓ ይጨምራሉ፤ አንዳንዶቹም በገንዳው ውስጥ በረዶ ይጨምራሉ።

እኛም መጀመሪያ ይህን መንገድ መረመርን። የአጎቴ መኪና ሞተር በደቂቃ 2,400 ጊዜ ሲዞር፥ ከተጨመቀው አየር ላይ መውጣት ያለበት ሙቀት 10 ኪሎዋት ገደማ ሆኖ አገኘነው። ይህ ቍጥር ለእናቶቻችን እንዲገባ፥ ሦስት የኤሌክትሪክ እንጀራ ምጣድ ባንድነት ሲግል የሚሰጠውን ሙቀት ያህላል። 20 ሊትር ውኃ ይህን ሙቀት ከተቀበለ በ4 ደቂቃ ውስጥ 30 ዲግሪ ይሞቃል። 10 ኪሎ በረዶ ደግሞ ቀልጦ የሚያልቀው በ5 ደቂቃ ተኩል ገደማ ነው። ለአጭር እሽቅድምድም ይህ ይበቃል። የደንገጎን ዳገት ጭነት ይዞ መውጣት ግን ከግማሽ ሰዓት በላይ ስለሚፈጅ፥ በረዶውም የተጠራቀመው ውኃም ምንም አይረባንም። ለእኛ የሚሆነው ሙቀቱን ሳያቋርጥ ወደ ውጭ የሚጥል ዕቃ ብቻ ነው። ስለዚህ በአየር የሚቀዘቅዘውን መረጥን።

ሌላም ልዩነት አለ። የእሽቅድምድም መኪና በሰዓት 150 ኪሎ ሜትር ሲሮጥ ነፋሱ በራሱ ጊዜ በማቀዝቀዣው ውስጥ ያልፋል። የእኛ መኪና ግን በዝቅተኛ ማርሽ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር እንኳ በጭንቅ ትሄዳለች። ከሜዳው የሚነሣው ነፋስ ከኋላዋ ከመጣ ደግሞ ከፊቷ ምንም ነፋስ የለም ማለት ነው። በጋራዡ ውስጥ የሚበይዱልን ሽማግሌ፥ ቀድሞ በምድር ባቡር ወርክሾፕ ይሠሩ የነበሩ ናቸው። ትልቅ ማቀዝቀዣ ስለ መግዛት ስንነጋገር ሰምተው፥ «ልጄ፥ ማቀዝቀዣውስ ይሁን፤ ዳገት ላይ ነፋሱ ከየት ሊመጣ ነው?» አሉኝ። ከሥራው ሁሉ ትልቁ ጥያቄ ይህ ሆነ።

እኔም ሒሳቡን ሠራሁ። 10 ኪሎዋት ሙቀት ተሸክሞ 15 ዲግሪ ብቻ እንዲሞቅ የሚፈለግ አየር በየሴኮንዱ 660 ሊትር ያህል ማለፍ አለበት። ያገኘነው ማቀዝቀዣ ከአንድ ከተሰባበረ ትልቅ መኪና የተፈታ ሲሆን፥ ፊቱ 60 በ50 ሴንቲ ሜትር ነው። በዚህ ፊት ያን ያህል አየር እንዲያልፍ ፍጥነቱ በሴኮንድ 2 ሜትር ከ20 መሆን አለበት። ይህን የሚያስገኝ በዳገት ላይ ነፋስ ሳይሆን ቬንቲሌተር ነው።

4ኛ፤ ቦታው የት ይሁን?

ብዙ ሰው ማቀዝቀዣውን ከራዲያተሩ ፊት ለፊት መስቀል ይቀለዋል። ነገር ግን በዚህ ውስጥ የተሰወረ ወጥመድ አለ። በ35 ዲግሪ የገባው አየር በማቀዝቀዣው ውስጥ አልፎ 50 ዲግሪ ሆኖ ወደ ራዲያተሩ ይደርሳል። የራዲያተሩ ውኃ 90 ዲግሪ ነው እንበል። ቀድሞ በውኃውና በአየሩ መካከል የ55 ዲግሪ ልዩነት ነበረ፤ አሁን የ40 ብቻ ሆነ። ሙቀት የሚፈሰው በልዩነቱ መጠን ስለ ሆነ፥ ራዲያተሩ ከጉልበቱ ሩብ በላይ አጣ ማለት ነው። የአየሩን ሙቀት እናወርዳለን ብለን የውኃውን ሙቀት ልናወጣ ነው። በውኃዋ ሙቀት ለምትሠቃይ መኪና ይህ ከበሽታው የባሰ መድኃኒት ይሆን ነበር።

ስለዚህ መካኒኩ ማቀዝቀዣውን በመኪናዋ ጎን፥ ለብቻው አየር በሚያገኝበት ቦታ፥ በብረት ማቀፊያ ላይ አስቀመጡት። በብረቱና በማቀዝቀዣው መካከል ከአሮጌ ጎማ የተቈረጠ ላስቲክ ገባ፤ ምክንያቱም አሉሚኒየም የመንገዱን መንቀጥቀጥ ሳይችል ይሰነጠቃል። ከኋላውም ከትንንሽ መኪናዎች የተፈቱ ሁለት የኤሌክትሪክ ቬንቲሌተሮች ተገጠሙ። እነርሱ ለ12 ቮልት የተሠሩ ናቸው፤ የጭነት መኪናዋ ግን 24 ቮልት ናት። እንግዲህ በክፍል ውስጥ የተማርነው ተከታታይ መሥመር እዚህ ላይ ጠቀመን። ሁለቱ አንድ ዓይነት ቬንቲሌተሮች በተከታታይ ሲያያዙ 24ቱን ቮልት እኩል ይካፈሉታል። ጉድለቱ አንዱ ቢቆም ሁለተኛውም መቆሙ ነው። ስለዚህ በሾፌሩ ፊት ትንሽ መብራት ተደረገ፤ መብራቷ ከጠፋች ቬንቲሌተሩ ቆሟል ማለት ነው።

በቬንቲሌተሩና በማቀዝቀዣው መካከል ክፍተት ቢኖር አየሩ በቀላሉ መንገድ ሾልኮ ይሄዳል። ሽማግሌው በያጅ ከላሜራ ዙሪያውን የሚከድን ሣጥን ሠሩለት። ይህ ተራ የሚመስል ላሜራ ነው፤ ዋጋውም ከሁሉ ያነሰ ነው። ሳጥኑ ሳይኖርና ሲኖር በማቀዝቀዣው ፊት የወረቀት ቁራጭ አንጠልጥለን አየን። ሳይኖር ወረቀቱ በመሐል ብቻ ይሳባል፤ ሲኖር ግን በአራቱም ማዕዘን ይለጠፋል።

ቱቦዎቹ ከብረት ተበይደው በየመገናኛው ወፍራም የጎማ ቱቦ ገባባቸው። ከዚህ ላይ ሦስት ጥንቃቄዎች ተደርገዋል። አንደኛ፥ የማቀዝቀዣው ውስጥ በላምባ ታጥቦ፥ ተራግፎና በአየር ተነፍቶ ደረቀ። ከቀድሞው መኪና የቀረ የብረት ፍቅፋቂ ቢኖርበት በቀጥታ ወደ ሞተሩ ገብቶ ያበላሸዋልና። ሁለተኛ፥ የብየዳው ዝቃጭ በቱቦዎቹ ውስጥ እንዳይቀር ተፋቀ። ሦስተኛ፥ የሁለቱን ጫፍ ዘግተን ጥቂት ግፊት ሰጥተን በሳሙና ውኃ ቀባነው፤ አረፋ የሠራበት ቦታ ሁሉ እንደገና ተበየደ። በመጀመሪያው ሙከራ አንዱ የጎማ ቱቦ ከቦታው ሾልኮ ወጣ። ያን ጊዜ መካኒኩ በብረት ቱቦው ጫፍ ላይ ዙሪያውን ቀጭን የብየዳ ቀለበት ሠሩበት፤ ማጥበቂያውም ከዚያ ቀለበት በስተኋላ ተጠበቀ። ከዚያ ወዲህ አልወጣም።

5ኛ፤ የእንስራ ጥበብ ይረዳን ይሆን?

በክፍላችን ይህን ነገር ባወራሁ ጊዜ አንድ ጓደኛዬ፥ «ለምን እንደ እንስራ አታደርጉትም?» ብሎ ጠየቀ። ጥያቄው ዋዛ አይደለም። በሸክላ እንስራ ያለ ውኃ የሚቀዘቅዘው በሸክላው ቀዳዳዎች ጥቂት ጥቂት እያለ ወጥቶ ስለሚተንን ነው፤ ሲተንን ሙቀት ይዞ ይሄዳል። በእርጥብ ጨርቅ የተጠቀለለ ኮዳም እንደዚሁ ነው። የስኮትላንዱ ሊቅ ጆሴፍ ብላክ በ1760ዎቹ እ.ኤ.አ. ይህን የተሰወረ ሙቀት አስተምሯል። አንድ ሊትር ውኃ ሲተንን 2,400 ኪሎጁል ያህል ሙቀት ይወስዳል። እንግዲህ 10 ኪሎዋታችንን በሙሉ በትነት ለማስወገድ በሰዓት 15 ሊትር ውኃ ይበቃል። የድሬዳዋ አየር ደረቅ ስለ ሆነ ትነቱ ፈጣን ነው። በሒሳብ በኩል ሐሳቡ በጣም ያማረ ነው።

ያላማረው የውኃው ጠባይ ነው። የከተማችን ውኃ ኖራ የሚበዛበት መሆኑን በቤታችን ማንቆርቆሪያ ውስጥ ከሚጋገረው ነጭ ቅርፊት እናውቃለን። ይህን ውኃ በማቀዝቀዣው ላይ ዘወትር ብንረጨው፥ ውኃው ተንኖ ኖራው በቀጭኖቹ ክንፎች መካከል ይጋገራል። በጥቂት ጊዜ ውስጥም የአየሩ መተላለፊያ ይደፈናል። ስለዚህ ርጭቱን ተውነው። ጥሩ የዝናም ውኃ ለሚያጠራቅም ሰው ግን፥ ለክፉ ቀን የሚሆን አንድ ጀሪካን ቢይዝ ሐሳቡ ዋጋ አለው።

6ኛ፤ ፈተናውና ውጤቱ

ሥራው ካለቀ በኋላ መኪናዋ ቀድሞ ትጭን የነበረውን ያህል ሲሚንቶ ጭና ወደ ደንገጎ ወጣች። እኔ ከሾፌሩ አጠገብ ተቀምጬ በሁለት የሙቀት መለኪያዎችና በሁለት የግፊት መለኪያዎች ያየሁትን እጽፍ ነበር። የውጭው አየር 31 ዲግሪ ነበረ። ከቱርቦው የሚወጣው አየር 118 ዲግሪ፥ ከማቀዝቀዣው የሚወጣው 62 ዲግሪ ሆነ። ማቀዝቀዣው ያወረደው 56 ዲግሪ ነው፤ ሊወርድ ይችል የነበረው ከ118 እስከ 31 ማለት 87 ዲግሪ ነበረ። 56ን ለ87 ብናካፍል የማቀዝቀዣው ብቃት በመቶ 64 ይሆናል። ከአሮጌ መኪና ለተፈታ ዕቃ ይህ የሚያስመሰግን ነው።

የግፊቱ መቀነስ በመቶ 4 ብቻ ሆኖ ተገኘ። ፍጹም ሙቀቱ ከ391 ወደ 335 ስለ ወረደ፥ የግፊቱን ጉድለት ቀንሰን ስናሰላ፥ ቀድሞ 100 ኪሎ አየር ይገባ በነበረበት ጊዜ አሁን 112 ኪሎ ይገባል። የውኃው ሙቀት መርፌ ከወትሮው ቦታ አላለፈም። ጥቁሩም ጭስ ቀንሶ ስስ ሆነ። ከግርጌ እስከ ደንገጎ አንድ ጊዜም ለማስተንፈስ ሳንቆም ወጣን።

ከዚህ በኋላ አንድ ፈተና መጣ። ይኸኛው የሒሳብ አልነበረም፤ የልብ ነበር። ሌሎች ሾፌሮች ሥራውን አይተው፥ «እንግዲህ አየር ከተገኘ የናፍጣውን ፖምፓ ክፈቱት፤ ሌላ ሃያ ኩንታል ትጭናለች» ብለው መከሩ። ምክሩ ፍጹም ስሕተት ነው አይባልም። አየር ሲበዛ ናፍጣ ቢጨመር ኃይል ይጨምራል፤ እሽቅድምድመኞች የሚያደርጉትም ይህን ነው። ነገር ግን በመቶ 12 የሆነው ትርፍ አንድ ጊዜ ብቻ የሚወጣ ገንዘብ ነው። ወይ በኃይል ይወጣል፥ ወይ በዕድሜ ይቀመጣል፤ ሁለቱን ባንድነት ማድረግ አይቻልም። ደግሞም ከመጠን በላይ የተጫነ መኪና በመውጣት ብቻ ሳይሆን በመውረድም ይፈተናል፤ ማቀዝቀዣው ሞተሩን እንጂ ፍሬኑን አያግዝም። አጎቴ ጥቂት አስበው፥ «እኔ የፈለግሁት እንድትኖርልኝ ነው፤ ፖምፓው እንዳለ ይሁን» አሉ። እንዳሉትም ሆነ።

ማጠቃለያ

ከዚህ ሥራ ለጓደኞቼ ልተርፍላቸው የምፈልገው ሦስት ነገር ነው። ፊተኛው፥ ከሌላ አገር የመጣ ጥበብ በራሳችን መንገድ መለካት እንዳለበት ነው። ለእሽቅድምድም ሜዳ የሚበጀው በረዶና ውኃ ለደንገጎ አልሆነም፤ ለደንገጎ የበጀው የላሜራ ሣጥንና ሁለት አሮጌ ቬንቲሌተር ነው። ሁለተኛው፥ አንዱን ክፍል ስናሻሽል ጎረቤቱን እንዳንጎዳ አስቀድመን ማስላት ነው፤ ከራዲያተሩ ፊት ብንሰቅለው ኖሮ አንዱን አድነን ሌላውን በገደልን ነበር። ሦስተኛው፥ በጋራዥ የሚሠሩ ሽማግሌዎች ከመጽሐፍ ያልተጻፈ ብዙ ዕውቀት እንዳላቸው ነው። ነፋሱ ከየት ሊመጣ ነው ብለው የጠየቁኝ ሰው የፊዚክስ ቀመር አልጻፉልኝም፤ ነገር ግን ቀመሩን የት ላይ እንደማውል ያሳዩኝ እርሳቸው ናቸው።

ይህን የመሰለ ሥራ ለመመልከት የሚሻ ተማሪ ብዙ ገንዘብ አያስፈልገውም። አንድ ቴርሞሜትር፥ አንድ ደብተርና የመካኒኩ ፈቃድ ይበቃዋል። ከሥራው በፊት ለክቶ ይጻፍ፤ ከሥራው በኋላም ለክቶ ይጻፍ፤ በመካከሉ ያለውን ልዩነት ደግሞ በክፍል ከተማረው ጋር ያስተያይ። ወላጆችም ልጆቻቸው እጃቸው በግራሶ ተለውሶ ሲመጡ ከመቆጣት በፊት ምን እንደ ለኩ ቢጠይቋቸው መልካም ነው። የሒሳቡን ሥራ አይተው ላረሙልኝ የፊዚክስ መምህራችን፥ በሥራው ሁሉ ታግሠው ላስተማሩኝ መካኒክና በያጅ ከልብ የሆነ ምስጋናዬን አቀርባለሁ።